አንቲቫይረሱ የበላው ሮስተር

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ጠያቂው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«የተማሪ ውጤት የምደምርበት፣ አማካይና ደረጃ የማወጣበት የኤክሴል ፋይል አለኝ። ማክሮውን፣ ማለትም ኤክሴል ውስጥ ሥራውን በራሱ የሚሠራልኝን ኮድ፣ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ሦስት ዓመት ያለ ችግር ሠርቼበታለሁ። ባለፈው ሳምንት በፍላሽ ይዤ ሄጄ የርእሰ መምህሩ ኮምፒውተር ላይ ልከፍተው ስል የዊንዶውሱ አንቲቫይረስ ቫይረስ ነው ብሎ አጠፋብኝ። የዚህ ሰሚስተር ማርክ ያለው እሱ ላይ ነው። ቤት ያለው ኮምፒውተሬ ላይ የቆየ ቅጂ አለ፤ እሱን ምንም አይለውም። አንድ ልጅ አንቲቫይረሱን አጥፋውና ክፈተው ይለኛል። ላጥፋው ወይ? የጠፋውስ ይመለሳል?»

ሰላም መምህር። መልሱን ላስቀድም። አንቲቫይረሱን አያጥፉት። ፋይልዎ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም፤ ታስሮ ነው የሚቀመጠው። ሰሚስተር ሲዘጋ ሮስተር ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ስጠግን በየዓመቱ ጥርና ሰኔ ላይ ፍላሽ ጨብጠው የሚመጡ መምህራን አሉ። ገና በር ላይ ሆነው ፊታቸው ይነግረኛል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድበት።

ፋይሉን ያሰረው የርእሰ መምህሩ ኮምፒውተር ነው። ፍላሹ ላይ ቢፈልጉት አያገኙትም። ቤትም አያገኙትም። እዚያው ቢሮ ይሂዱ፣ ፍላሹን ይሰኩ፣ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ይክፈቱ። «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» የሚል አለ። እዚያ ቀኑን፣ የፋይሉን ስምና አንቲቫይረሱ ለቫይረሱ ያወጣለትን ስም ያያሉ። ኳራንታይን (ታስሯል) የሚል ከሆነ ፋይሉ አለ። «ሪስቶር» ሲሉት ወደነበረበት ቦታ ይመለሳል። የነበረበት ቦታ ፍላሹ ነው። ፍላሹን ይሰኩ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ግን ገና አይመልሱት። ለጊዜው ስሙን ብቻ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ስሙ ብዙ ይናገራል። መጨረሻው ላይ ቃለ አጋኖ ምልክትና «ኤምኤል» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ፣ አንቲቫይረሱ «አውቀዋለሁ» እያለ አይደለም። «ይመስላል» ነው የሚለው። ፊደላቱ የማሽን ለርኒንግ ምህጻረ ቃል ናቸው። ኮምፒውተሩ ብዙ መጥፎ ፋይል አይቶ፣ ከዚያ ተነስቶ የገመተው ማለት ነው። ስሙ ውስጥ «ጄን» ወይም «ጀነሪክ» የሚል ካለም እንዲሁ የጅምላ ስም ነው። በአንጻሩ «ቫይረስ» ብሎ ጀምሮ «ኤክስ97ኤም» የሚል ቅጥያና የታወቀ ስም ካስከተለ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ኤክስ97ኤም የኤክሴል ማክሮ ቫይረስ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ስም በግምት አይሰጥም ማለት ይቻላል።

አንቲቫይረስ ንጹሕ ፋይል ላይ ለምን ይጮሃል? ድሮ ድሮ ሥራው የአሻራ ሥራ ነበር። የታወቀ ቫይረስ ኮድ ቁራጭ መዝገብ ላይ አለ፤ ፋይሉን ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል። ዛሬ ግን አዲስ ቫይረስ በየደቂቃው ስለሚወጣ መዝገብ ብቻውን አያዋጣም። ስለዚህ ጠባይን ያያል። ይህ ፋይል ሲከፈት ምን ያደርጋል? ማንን ይነካል? ምን ይደብቃል?

አሁን የእርስዎን ማክሮ ልገምት። ፋይሉ ሲከፈት ራሱ ይነሳል። ከ9ኛ ኤ እስከ 9ኛ ጂ ያሉትን የማርክ ፋይሎች አንድ በአንድ ይከፍታል። ከእያንዳንዱ ይለቅማል። ይደምራል፣ ይጽፋል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ ይዘጋል። ማንም እንዳይነካካው ኮዱን በፓስወርድ ቆልፈውታል። መሸጋገሪያ ስሌት ያለበትን ሺት ደብቀውታል። ለእርስዎ ይህ የሁለት ቀን ሥራ በሁለት ደቂቃ የሚጨርስ ረዳት ነው። በአንቲቫይረሱ ዓይን ግን ሌላ ነው። ሳይጠሩት ይነሳል፣ ሌሎች ፋይሎች ውስጥ ገብቶ ይጽፋል፣ ኮዱ አይነበብም፣ የደበቀው ገጽ አለው። በፈረንጆች 1996 የተገኘውና በኤክሴል ፋይሎች በሰፊው በመሰራጨት የመጀመሪያው የሆነው «ላሩ» የተባለ ማክሮ ቫይረስም እንዲሁ ነበር። ፋይል ሲከፈት ይነሳል፣ የተደበቀ ሺት አለው፣ ራሱን ወደ ሌሎች የኤክሴል ፋይሎች ይገለብጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አንቲቫይረሱ እባቡን አይቷል።

ሌላም አለ። ዘመናዊ አንቲቫይረስ ኢንተርኔት ካገኘ «ይህን ፋይል ሌላ ማን አለው?» ብሎ ይጠይቃል። ሚሊዮን ሰው የሚጠቀምበት ፋይል ይታመናል። የእርስዎ ሮስተር ግን በዓለም ላይ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ዋስ የሚሆነው የለም።

እስከዚህ ድረስ ለፋይልዎ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ። አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና። «ራሴ ነኝ የሠራሁት» ማለት «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ሲሠሩት ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በስንት ኮምፒውተር አለፈ? የሒሳብ መምህሩ ከፍቶበታል። የባዮሎጂዋ መምህርት ማርኳን ሞልታበታለች። የሪከርድ ክፍሉ ኮፒ አድርጎታል። ማክሮ ቫይረስ የሚኖረው ሰው ራሱ በሠራው ፋይል ውስጥ ነው። ስሙ አይቀየርም፣ ማርኩ አይቀየርም፣ ሥራውም እንደ ድሮው ይሠራል። ሳይታይ አንድ ገጽ ኮድ ይጨመርበታል እንጂ።

የቤቱ ኮምፒውተር ምንም አለማለቱም ምስክር አይሆንም። ምናልባት መዝገቡ አርጅቷል። ኔት የማያገኝ ኮምፒውተር ላይ ያለ አንቲቫይረስ የአምና ዜና ነው የሚያውቀው። ምናልባት የሆነ ጊዜ ሰው አጥፍቶታል። ወይም የቤቱ ቅጂ በእርግጥም ንጹሕ ሆኖ የተበከለው ፍላሹ ላይ ያለው ብቻ ይሆናል። እነዚህን መለየት ይቻላል።

መጀመሪያ የቤቱን ኮምፒውተር አፕዴት ያድርጉት። ቤት ኔት ከሌለ ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን፣ ማለትም የዊንዶውሱን አንቲቫይረስ፣ መዝገብ ለብቻው የሚያወርዱበት ገጽ አለው። ከ100 ሜጋባይት በላይ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ያውርዱት። በፍላሽ ይዘው ሄደው እንደ ማንኛውም ፕሮግራም ዳብል ክሊክ ያድርጉት። ሲያወርዱ የዊንዶውስዎን ዓይነት ይዩ፤ 32 ቢትና 64 ቢቱ ለየብቻ ናቸው። የርእሰ መምህሩንም ኮምፒውተር እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱም ላይ እንደገና ስካን ያድርጉ።

አፕዴት ላይ ይህን ያህል የምጨቀጭቀው በምክንያት ነው። የአንቲቫይረስ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ በቶሎ ይታረማል። ማረሚያው የሚመጣው ግን በአፕዴት ነው። ትልልቆቹም ተሳስተዋል። ሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2010) ማካፊ የላከው አፕዴት የዊንዶውስ ኤክስፒን አንድ ዋና ፋይል ቫይረስ ብሎ አሰረው። በየአገሩ ብዙ ኮምፒውተሮች እየጠፉ እየበሩ መሥራት አቆሙ። መስከረም 2005 ላይ ሶፎስ የራሱን ማደሻ ፋይል ቫይረስ አለው። ነሐሴ 29 ቀን 2014 የዊንዶውሱ ዲፌንደር እንደ ክሮም ያሉ ሰው ሁሉ የሚጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ሲከፈቱ «ሃይቭ» የሚል ስም እየሰጠ ሲያስጠነቅቅ ዋለ። ወዲያው ነው የታረመው። በዚያ ቀን ተደናግጦ አንቲቫይረሱን ያጠፋና በዚያው የረሳ ሰው ግን ስህተቱ ታርሞም ያለ ጠባቂ ቀርቷል።

ከአፕዴት በኋላ ሁለቱም ዝም ካሉ፣ ሪስቶር አድርገው ሥራዎን ይቀጥሉ። አሁንም የሚጮህ ካለ ግን ውስጡን ማየት ነው። ለእርስዎ ይህ ቀላል ነው፤ ኮዱን የጻፉት እርስዎ ነዎት። እኔ የማላውቀውን እርስዎ ያውቁታል።

ማየት የሚጀምሩት ከቤቱ ቅጂ ነው። ቀድሞ የፈቀዱለት ፋይል ሳይጠይቅ ይነሳልና፣ መጀመሪያ በኤክሴል «ትረስት ሴንተር» ውስጥ «ትረስትድ ዶክዩመንትስ» ላይ «ክሊር» ይበሉ። ከዚያ ፋይሉን ሲከፍቱ ከላይ ቢጫ መስመር ይመጣል፤ «ኢኔብል ኮንቴንት» ይላል። አይጫኑት። ማክሮው ሳይነሳ ኦልትና ኤፍ11ን አንድ ላይ ይጫኑ። በግራ በኩል የሺቶቹና የሞጁሎቹ (ኮድ የሚጻፍባቸው ገጾች) ዝርዝር ይመጣል። አንድ በአንድ ይክፈቷቸው። ያልጻፉት ሞጁል አለ? የማያውቁት የሺት ስም አለ? ላሩ ለምሳሌ በራሱ ስም የተጠራ ሞጁል ነበረው፤ ውስጡ ሲከፈት የሚነሳ አንድ ክፍልና ፋይሎችን የሚፈትሽ ሌላ ክፍል ነበረበት። ተከታዮቹ ስማቸውን ቀይረዋል፤ ሥራቸው ግን ያው ነው። እያንዳንዱን መስመር ይህን እኔ ጽፌዋለሁ እያሉ ይውረዱ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ያሰኘዎት መስመር ላይ ይቁሙ።

ከዚያ «ኤክስኤልስታርት» የሚባለውን ፎልደር ይፈልጉ። ኤክሴል በተነሳ ቁጥር እዚያ ያለውን ፋይል ሁሉ አብሮ ይከፍታል። ማክሮ ቫይረስ የሚወደው ቤት ይህ ነው። «ፐርሰናል» የሚል ፋይል ብቻ ካለና ማክሮ ሪከርድ አድርገው የሚያውቁ ከሆነ የራስዎ ሊሆን ይችላል። እሱንም ከፍተው ይዩት። ምንም ሪከርድ አድርገው የማያውቁ ሆነው ፋይል ካገኙ ግን ያንን ኮምፒውተር ጠርጥሩ እላለሁ።

የተበከለ ሆኖ ቢያገኙትም ማርኩ አይጠፋም። ከቢሮው የታሰረውን ይመልሱና፣ ማክሮው ሳይነሳ ከፍተው «ሴቭ አዝ» ይበሉ። ዓይነቱን ማክሮ የማይዘው ተራ የኤክሴል ፋይል፣ መጨረሻው ኤክስኤልኤስኤክስ የሆነው፣ ያድርጉት። ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ፎርሙላው ይተርፋል። ኮዱ ሁሉ፣ ክፉውም ደጉም፣ ይቀራል። ቫይረሱን ከመረጃው ለመለየት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላገኘሁም። የራስዎን ማክሮ ከንጹሑ ቅጂ በጽሑፍ ገልብጠው አዲስ ፋይል ላይ ያሳርፉታል። ፋይሉን ለተቀባበላችሁት መምህራን ሁሉ መንገር ግን አይቅር። አለበለዚያ ሰኞ ያጸዱት ዓርብ ተመልሶ ይመጣል።

ውስጡን አይተው ሁሉም የራስዎ ኮድ ከሆነ፣ ሁለተኛ ምስክር ይጥሩ። ቫይረስ ቶታል የሚባል ድረ ገጽ አለ። በፈረንጆች 2004 ስፔን ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ከ2012 ጀምሮ የጉግል ነው። የሰጡትን ፋይል ወደ 70 በሚጠጉ አንቲቫይረሶች ያስፈትሻል። በነጻ ነው። ግን መምህር፣ ሮስተሩን እንዳለ እንዳይጭኑት። እዚያ የተጫነ ፋይል የእርስዎ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅቶችና ተመራማሪዎች ያገኙታል። የልጆች ስም፣ ዕድሜ፣ ውጤት እዚያ መግባት የለበትም። እንዲህ ያድርጉ፦ ፋይሉን ኮፒ ያድርጉት። በኮፒው ላይ የተማሪዎቹን ስምና ማርክ ሁሉ ይደልቱ። ማክሮውን ብቻ የያዘ ባዶ ሮስተር ይቀራል። እሱን ይጫኑ። የተከሰሰው ማክሮው ነው እንጂ ተማሪዎቹ አይደሉም።

ውጤቱን ሲያነቡ ቁጥሩን ብቻ አይዩ። ሁለት ሦስት ስማቸውን ሰምተው የማያውቋቸው አንቲቫይረሶች የጅምላ ስም ሰጥተውት ሌሎቹ ንጹሕ ካሉት፣ ስህተት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሃያ ሠላሳው፣ ትልልቆቹን ጨምሮ፣ በአንድ ስም ከጠሩት ግን ክርክር የለም።

ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው ለፋይሉ ፈቃድ የሚሰጡት። ዲፌንደር «ኤክስክሉዥን» ይለዋል። ለአንድ ፋይል፣ ለፎልደር ወይም ለፋይል ዓይነት ፈቃድ መስጠት ይቻላል። እርስዎ የሚሰጡት ለዚያ አንድ ፋይል ብቻ ነው። ፍላሹ ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ቦታ ሰጥተው፣ እዚያ ላለው ፋይል። ለዳውንሎድስ አይስጡ፣ ለዴስክቶፕ አይስጡ፣ ለፍላሽ ፊደል አይስጡ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርዎ። አንድ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ነበር። የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌራቸውን አንቲቫይረሱ እየደጋገመ ያጠፋባቸዋል። ይህም የተለመደ ነው። የአማርኛ መጻፊያ እያንዳንዱን የሚጫኑትን ቁልፍ ቀድሞ ሰምቶ ወደ ፊደላችን መቀየር አለበት። ፓስወርድ የሚሰርቅ ፕሮግራምም ቁልፍ ያዳምጣል። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሶፍትዌሩ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የዞረ ነበር፤ ከሠሪው የወጣው ይሁን ሌላ ነገር የተጨመረበት ማንም አያውቅም። መፍትሔው ከሠሪው ዋናውን አምጥቶ መጫን ነበር። የረዳቸው ሰው ግን ለዲ ድራይቭ በሙሉ ፈቃድ ሰጠ። ችግሩ ያኔውኑ ቆመ። ሁሉም ተደሰተ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ ሠራተኛ የዲዛይን ሶፍትዌር ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የሚያደርግ ሕገ ወጥ ፕሮግራም) አምጥቶ ዲ ላይ አስቀመጠና ከፈተው። ስቶፕ የሚባለው ራንሰምዌር፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ በአብዛኛው የሚመጣው እንዲህ በክራክ ነው። እኔ ስጠራ ፋይሉ ሁሉ ተቆልፎ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ የማይታወቅ ቅጥያ ተለጥፎበት ነበር። ጥር ነው፤ የሰርግ ሰሞን። የተከፈለባቸው የሰርግ መጥሪያዎች፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፎች። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ፋይሎቹን አንድ በአንድ ክሊክ እያደረገች «ይሄኛውስ?» ትለኝ ነበር። አንዱንም መክፈት አልቻልኩም። አንቲቫይረሱ በርቶ ነበር። እዚያ ድራይቭ ላይ እንዳያይ ግን ተነግሮታል።

ስለ ፍላሽ ካነሳን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አንቲቫይረስ ፋይሌን በላው ብለው የሚመጡ ብዙዎች የገጠማቸው ሾርትከት ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ይደብቅና በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። አንቲቫይረሱ ሾርትከቶቹን ሲያጠፋ ፍላሹ ባዶ ይመስላል። ግን የተያዘውን ቦታ ይዩ፤ ፍላሹ ሙሉ ነው። የፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ «ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውንም ምልክት ያንሱ። ሁሉም እዚያው ነው። ፎርማት እንዳያደርጉት ብቻ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ስህተት መሆኑን ካረጋገጡ ባዶውን ሮስተር ለማይክሮሶፍት ይላኩት። ፋይል የሚቀበሉበት ገጽ አላቸው፤ ሲልኩ «በስህተት ተይዟል» የሚለውን ይመርጣሉ። አይተው ከተስማሙ መዝገቡን ያርማሉ፤ ከዚያ በኋላ አፕዴት በተደረገ በየትኛውም ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ዲፌንደር ላይጮህበት ይችላል። የእርስዎ ኤክስክሉዥን የሚሠራው ግን በዚያ አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ይህን አያደርግም፤ ቢደረግ ግን ደስ ይለኛል። ሌላ አንቲቫይረስ ከሆነም እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ መቀበያ አለው።

እኔ ብሆን ግን ለሚቀጥለው ዓመት ማክሮውን እተወው ነበር። ብዙ የለፉበት ስለሆነ ለመስማት ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ነገር ግን ሮስተር የሚፈልገው ድምር፣ አማካይና ደረጃ ነው። ለድምር «ሰም»፣ ለአማካይ «አቬሬጅ»፣ ለደረጃ «ራንክ» አሉ። ራንክ ሁለት ተማሪዎች እኩል ሲያመጡ ሁለቱንም 3ኛ ብሎ ቀጣዩን 5ኛ ይለዋል፤ ሮስተር ላይ የለመድነውም ይኸው ነው። ከየመምህሩ ማርክ ለመልቀም «ቪሉካፕ» በተማሪው መለያ ቁጥር ይሠራል። በስም አያድርጉት፤ አበበ ከበደ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሊሆን ይችላል። የሰባቱን ሴክሽን ፋይሎች አንድ ፋይል ውስጥ ሰባት ሺት ካደረጓቸው ከፍቶ የሚዘጋ ማክሮ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ፋይል ውስጥ የሚነሳ ኮድ ስለሌለ አንቲቫይረሱ የሚጠረጥረው ነገር አያገኝም። ማክሮ የሚፈሩ መምህራንም ቢጫ መስመር ሳያዩ ይከፍቱታል።

ነገ ቢሮ ሲሄዱ እንግዲህ የመጀመሪያው ነገር ፎቶው ነው። ስሙ መጨረሻ ላይ ኤምኤል ካለ አፕዴቱን ያስቀድሙ። ኤክስ97ኤም ካለ ደግሞ የቤቱንም ኮምፒውተር ኤክሴል ከመክፈትዎ በፊት ያንን ኤክስኤልስታርት ፎልደር ይዩልኝ።